ጥርሱ ሳይታይ የተገዛ ፈረስ፦ የአንድ የክሌም ሽርክና አገልግሎት ግምገማ

ባለፈው ዓመት በሜሪላንድ በሚሠራ አንድ የእሽቅድድም ፈረስ ሽርክና ውስጥ ከሃያ ድርሻ አንዱን በ1,250 ዶላር ገዝቼ ለዘጠኝ ወር ያህል የፈረስ ባለቤት ሆኜ ቆይቻለሁ። ሽርክናው የሚሠራው ክሌም በሚባለው መንገድ ብቻ ነው፤ ውርንጭላ ከጨረታ ገዝቶ አያሳድግም፣ በመሮጥ ላይ ያለ ፈረስ ከሜዳው ላይ ይወስዳል እንጂ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ያስቀየመኝ ነገር በሌሎች ሽርክናዎችም ዘንድ የተለመደ መሆኑን በኋላ ስለተረዳሁ፣ የአንዱን ስም ማንሣት ሌሎቹን ንጹሕ ማስመሰል ይሆንብኛል።

በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሎረል ፓርክን ቢያንስ በመንገድ ምልክት እናውቀዋለን። ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረስ የሚሮጥበት ሜዳ ነው። አንዳንዶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይዘን ፈረስ ለማየት፣ ሌሎቻችን ደግሞ ዕድላችንን ለመሞከር ጎራ እንላለን። ከተመልካችነት ወደ ባለቤትነት መሻገር ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ወደዚያ ዓለም የሚያስገባው ርካሹ በርም ክሌም ነው።

ክሌም ሩጫ ማለት ለሩጫው የተመዘገቡት ፈረሶች ሁሉ አስቀድሞ በታወጀ ዋጋ ለሽያጭ የቀረቡበት ሩጫ ነው፤ በአሜሪካ በብዛት የሚካሄደው የሩጫ ዓይነትም ይኸው ነው። የዕለቱ ዋጋ 10,000 ዶላር ከሆነ፣ ፈቃድ ያለው ባለቤት ወይም ወኪል አድርጎ የሾመው አሠልጣኝ ሩጫው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቅጽ ሞልቶ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ያስገባል። ገንዘቡ በሜዳው ሒሳብ ያዥ ዘንድ አስቀድሞ ተቀማጭ መሆን አለበት። ፈላጊዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ዕጣ ይጣላል። እንደ ነባሩ ደንብ ባለቤትነቱ የሚዛወረው የመነሻው በር ተከፍቶ ፈረሶቹ ሲወጡ ነው፤ የዚያን ቀን ሽልማት ግን የቀድሞው ባለቤት ይወስዳል። ሩጫው እየተካሄደ ሳለ ፈረሱ የእኔ ነው፣ ድሉ ግን የሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

የሥርዓቱ ዓላማ ብልህነት አለው። 50,000 ዶላር የሚያወጣ ፈረስ ያለው ሰው ደካሞቹን አሸንፎ ሽልማት ለመሰብሰብ ብሎ ፈረሱን በ5,000 ዶላር ሩጫ ውስጥ ቢያስገባ፣ ከሣጥኑ በሚወጣ አንድ ወረቀት ፈረሱን በአሥረኛ ዋጋው ያጣዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት ፈረሱን በእውነተኛ ዋጋው እንዲያስመዘግብ የሚያስገድደው ዳኛ ወይም ተቆጣጣሪ ሳይሆን የጎረቤቱ ዓይን ነው። ይህን ሳነብ በጣም ወድጄው ነበር። አሁንም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ባለቤቶቹን እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ሲያደርግ ፈረሱን የሚጠብቅለት ማን እንደሆነ መጀመሪያ ላይ አልጠየቅሁም።

አባቴ ኢንጅባራ ነው የሚኖሩት፤ በየዓመቱ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርባት ከተማ። ዜናውን በስልክ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዋጋው አልነበረም።

«ልጄ፣ ጥርሱን አይተሃል?»

«አላየሁም አባባ። እንዲያውም ከሩጫው በፊት መመርመር ክልክል ነው።»

«እንግዲያ የገዛኸው ፈረስ አይደለም፤ ወሬ ነው።»

አባባ ትክክል ነበሩ። በአገራችን ገበያ የፈረስ ገዥ ከንፈሩን ገልጦ ዕድሜውን ያነባል፣ ሰኮናውን አንሥቶ ያያል፣ በመጨረሻም ጋልቦ ይሞክረዋል። በክሌም ግን ገዥው የሚያገኘው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የፈረሱ ያለፉ ሩጫዎች መዝገብ፣ የሩጫዎቹ ቪዲዮ፣ እና ከሩጫው በፊት ፈረሶቹ በሚዞሩበት ፓዶክ ዳር ቆሞ በዓይን መመልከት። ሐኪም አይነካውም፤ ራጅ አይነሣም።

የአገልግሎቱን ጥሩ ጎን ከዚህ ልጀምር፤ ሥራ አስኪያጁ ቤት ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው። ከመግዛታችን በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ስለ ስድስት ፈረሶች በኢሜይል ጽፎልናል፤ ለምን አንዱን እንደተወው፣ ለምን ሌላውን እንደሚከታተል በግልጽ ቋንቋ አስረድቶናል። ካስተማረኝ ነገር አንዱ ዋጋው በድንገት የወረደ ፈረስ ርካሽ ዕቃ ሳይሆን ጥያቄ መሆኑ ነው። ባለፈው ወር በ25,000 ዶላር አሸንፎ የነበረ ፈረስ ዛሬ በ10,000 ዶላር ከቀረበ፣ ባለቤቱ የሚያውቀው እኛ የማናውቀው ነገር አለ። «እንዲህ ያለውን አልነካም» ብሎ ጽፎልን ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በመስከረም አጋማሽ አንድ የአምስት ዓመት ዳማ ፈረስ በ12,500 ዶላር ተገኘ። ቅጹ የተሞላበትን ክፍል ለማየት ፈቅደውልኝ ነበር። የፈረሱ ስም በቅጹ ላይ በትክክለኛው ሆሄ መጻፍ አለበት፤ አንድ ፊደል ቢሳሳት ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል። አሠልጣኛችን ስሙን ከፕሮግራሙ ጋር ሁለት ጊዜ አስተያይቶ ሰዓት መምቻው ላይ አስመታና ሣጥኑ ውስጥ ጨመረው። ከእኛ ሌላ አንድ ጠያቂ ነበር። ቁጥር ያላቸው ትናንሽ ኳሶች በጠርሙስ ውስጥ ተነቅንቀው ሲወጡ ዕጣው ለእኛ ወጣ።

ከሩጫው በኋላ የሆነው ነው እስካሁን ከዓይኔ የማይጠፋው። ፈረሱ አራተኛ ወጥቶ አፉ አረፋ ደፍቆ ሲመለስ ልጓሙ ላይ ቀይ ምልክት አንጠለጠሉበት። የቀድሞው ባልደራስ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ሰው፣ ኮርቻው እስኪወርድ ጠብቆ የራሱን ማሰሪያ ፈታና የእኛ ባልደራስ አዲሱን አጠለቀለት። ሰውዬው አንገቱን አንድ ጊዜ መታ መታ አደረገና ለእኛው ባልደራስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቀኝ የፊት እግሩን ማታ ማታ በበረዶ ንከሩለት» አለው። ከዚያ ባዶውን ማሰሪያ ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። የትኛውም ደንብ ይህን እንዲናገር አያስገድደውም ነበር። የቀድሞው አሠልጣኝ የሕክምና መዝገቡን ለአዲሱ እንዲያስተላልፍ ደንቡ ያዛል፣ መዝገቡም መጥቶልናል፤ ስለ በረዶው ግን አንድ ቃል አልነበረበትም።

ስለ ደንቡ ካነሣሁ አይቀር፣ ዛሬ ክሌምን የሚገዛው ሕግ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አለብኝ፤ የሽርክናው ድረ ገጽ በሁለት መስመር ብቻ ነው ያለፈው። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሂሳ ተብሎ የሚጠራውን ባለሥልጣን አቋቋመ፤ የሜዳ ደኅንነት ደንቦቹም ከሐምሌ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለገዥም ለፈረስም ትልቁ ነገር የክሌም መሻር ደንብ ነው። ፈረሱ በሜዳው ላይ ከሞተ፣ ወይም በጉዳት ምክንያት እንዲሞት ከተደረገ፣ ወይም ከሩጫው በኋላ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሜዳው ሐኪም መርምሮ ያነክሳል፣ ደም ፈስሶታል ወይም ጤናው ታውኳል ካለ፣ ክሌሙ ይሻርና ፈረሱ ለቀድሞው ባለቤት ይመለሳል። ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ ይሠራበት የነበረው ልማድ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚደርሰው ሁሉ የገዥው ዕዳ ነው የሚል ነበር፤ ሰው ቅጹን ጨምሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሞተ ፈረስ ባለቤት ይሆን ነበር።

አንድ ቀዳዳ ግን አለ። ገዥው አስቀድሞ ሐኪሙ የሚለው ምንም ይሁን ምን ፈረሱን እወስዳለሁ ብሎ ሊያሳውቅ ይችላል። አንዳንዱ ለመራቢያነት የምትፈለግ ፈረስ ሲሆንበት እንዲህ ያደርጋል፤ ያ ይገባኛል። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ይህን መብት በፍጹም እንደማይጠቀምበት በውሉ ላይ ጽፏል፤ ለዚህ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። ሌላም ጠቃሚ ደንብ አለ፤ ከ120 ቀን በላይ ያረፈ ፈረስ ከዕረፍቱ በፊት ከሮጠበት ዋጋ ባላነሰ ደረጃ ሲመለስ፣ ባለቤቱ ለዚያች ለመጀመሪያዋ ሩጫ ብቻ ፈረሱ እንዳይወሰድ ማስመዝገብ ይችላል። ይህ ደንብ ፈረስን ለማሳረፍ የሚፈራውን ባለቤት ስለሚያደፋፍር ከሁሉ በላይ ሰብአዊ የምለው እሱን ነው። ከፖቶማክ ማዶ ግን ሌላ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያን ጨምሮ አንዳንድ ግዛቶች ከባለሥልጣኑ ጋር በፍርድ ቤት ስለተሟገቱ፣ የግዛቱ ደንብ ምን እንደሚል ሳይጠይቁ ድርሻ መግዛት አይገባም።

ወደ ፈረሳችን ልመለስ። በብዙ ግዛቶች በክሌም የተገዛ ፈረስ ለአንድ ወር ያህል ከተገዛበት ዋጋ በላይ እንጂ በታች እንዳይሮጥ ይከለከላል፤ ፈረሰኞቹ ራሳቸው «እስር ቤት» ይሉታል። እኛም በጥቅምት በ16,000 ዶላር ደረጃ አስገባነውና ሁለተኛ ወጣ። ከተገኘው 4,800 ዶላር ላይ የጆኪው (የጋላቢው) እና የአሠልጣኙ ድርሻ ተነሥቶ ለእያንዳንዳችን 204 ዶላር ደረሰን። ያን ቀን ማታ ለሁሉም ጓደኞቼ ደወልኩ። በኅዳር አምስተኛ፣ በጥር ሰባተኛ ወጣ። የማቆያ ወጪው በቀን 95 ዶላር ሲሆን፣ ጫማውና ሐኪሙ ሲጨመሩበት በወር ወደ 3,400 ዶላር ይጠጋል፤ ከመነሻው መዋጮ የተረፈው 12,500 ዶላር ሲያልቅ በየወሩ 170 ዶላር መክፈል ጀመርን። ይህ በውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ አላማርርበትም። ደረሰኞቹ በየወሩ በአምስተኛው ቀን ይመጡ ነበር፤ የበረዶ ከረጢት ዋጋ ሳይቀር ተዘርዝሮባቸዋል።

በመጋቢት የመጣው ኢሜይል ሦስት መስመር ነበር። ፈረሱ በሚቀጥለው ሐሙስ በ5,000 ዶላር ደረጃ ይሮጣል፤ ሽልማቱ ከዋጋው በብዙ ይበልጣል፤ «ሰው ከወሰደውም ወጪያችንን እንገታለን» ይላል።

ኢሜይሉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመስከረም «እንዲህ ያለውን አልነካም» ብሎ የጻፈልን ሰው አሁን ያንኑ ዓይነት ፈረስ ለሌላ ሰው እያዘጋጀ ነበር። ደውዬ የቀኝ እግሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ትንሽ ይሞቃል፤ ግን ሐኪሙ ለሩጫ ያልፋል ብሏል» አለኝ። ታዲያ ለምን አናሳርፈውም ስል፣ የሦስት ወር ዕረፍት ሃያ ሰው የማይመለስ ገንዘብ እንዲያዋጣ መጠየቅ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። የትኛው ሩጫ ውስጥ እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣን የእሱ ብቻ መሆኑንም የውሉን አንቀጽ ጠቅሶ ነገረኝ። ሕግ አልጣሰም። በእሱ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ እኔን ያስቸገረኝም ይኸው ነው።

የክሌም ሥነ ምግባር የሚፈተነው በመግዛት ላይ ሳይሆን በመሸጥ ላይ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስትገዛ አደጋውን የምትወስደው አንተ ነህ፤ ፈረስህን ወደ ታች ስታወርድ ግን አደጋውን ለማያውቅ ገዥ፣ ለጆኪውና ለራሱ ለፈረሱ ታስተላልፋለህ። ሽልማቱ ከፈረሱ ዋጋ በጣም ሲበልጥ ደግሞ ፈተናው ይብሳል፤ የታመመ ፈረስ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሸንፍ ከዋጋው በላይ ያመጣልና። በኒው ዮርክ አኩዌደክት ሜዳ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። እዚያው የተሠራው ካዚኖ በ2011 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ተከፍቶ ከገቢው በሚደርሰው ድርሻ ሽልማቱ በድንገት ሲያድግ፣ ከኅዳር መጨረሻ 2011 እስከ መጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 21 ፈረሶች በዚያ ሜዳ ሞቱ። በጊዜው የግዛቱ አስተዳዳሪ የነበሩት አንድሩ ኩዎሞ ያስጀመሩት ምርመራ ካመለከታቸው ምክንያቶች አንዱ በርካሽ ፈረሶች ዋጋና በሽልማታቸው መካከል የተፈጠረው ክፍተት ነበር። የክሌም መሻር ደንብ በኒው ዮርክ ሥር የሰደደውም ከዚያ በኋላ ነው።

የሽርክናዎቹ ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም። ሁሉም የሚጠሩት ሪች ስትራይክን ነው፤ በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ቸርችል ዳውንስ ሜዳ ላይ በ30,000 ዶላር ተወስዶ በግንቦት 2022 በ80 ለ1 የውርርድ ግምት ዝነኛውን የኬንታኪ ደርቢ ሩጫ ያሸነፈውን ፈረስ። ከእሱ በፊት በ50,000 ዶላር የተገዛው ላቫ ማን ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል፤ ከዚያም በፊት አሠልጣኙ ሂርሽ ጄከብስ በ1943 እ.ኤ.አ. በ1,500 ዶላር የወሰደው ስታይሚ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ሎተሪ የደረሰው ሰው ፎቶም እውነት ነው።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ቀርቼ ሄድኩ። ፈረሳችን ከመጀመሪያው እስከ መታጠፊያው መሪ ነበር፤ ከዚያ ሲወጣ ጭንቅላቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረ፤ ጆኪውም ሳይገፋው ቀስ ብሎ አራተኛ አስገባው። ቀይ ምልክት ተንጠለጠለበት፤ ሰው ወስዶታል። ከአጠገቤ የነበሩ ሁለት ባለድርሻዎች እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ስልካቸው ጮኸ፤ የሜዳው ሐኪም ፈረሱን ቀጥ ባለ መስመር አስረግጦ ካየው በኋላ ማነከሱን መዝግቦ ክሌሙን ሽሮታል። ገዥው መብቱን ስላልተወ ገንዘቡ ተመለሰለት፣ ፈረሱም ለእኛ። የተጨባበጡት ሰዎች ፊት እንዴት እንደተለወጠ ባልጽፈው ይሻላል፤ የእኔም ፊት ምን ይመስል እንደነበር አላውቅምና። ደንቡ ያን ቀን አንድን የማላውቀውን ሰው ከእኛ አድኖታል።

ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ያደረገውን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። በማግሥቱ ራጅ አስነሥቶ ውጤቱን ለሁላችንም ላከ፤ የቀኝ የፊት እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ ስብራት ተገኝቷል። ዳግመኛ እንደማይሮጥም ወሰነ። ጡረታ የወጡ ፈረሶችን ለግልቢያ አሠልጥኖ አዲስ ባለቤት የሚፈልግ፣ የእሽቅድድም ፈረሶች ጡረታ ጉዳይ የሚመለከተው ኅብረት ዕውቅና የሰጠው የእርሻ ቦታ አነጋግሮ አስገባው፤ የማጓጓዣውን ወጪም ከኪሱ ቻለ። ይህ በውሉ ውስጥ አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። መልካም ሰው ስለሆነ አደረገው፤ ባያደርገው ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ስለዚህ ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣለሁ። ለሒሳብ አያያዙና ለግልጽነቱ አምስት፤ ለፈረስ አመራረጡ አራት፤ ውሉ ስለ ፈረሱ ፍጻሜ ዝም ስላለ አንድ። ለመግባት የሚያስብ ሰው ከመፈረሙ በፊት፣ ፈረሱ ከተገዛበት ዋጋ በታች ሲወርድ ባለድርሻዎች ድምፅ ይሰጡ እንደሆነ፣ የጡረታ ወጪ ከመነሻው መዋጮ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ መፈረሙ ይቅርበት። በድምሩ 2,100 ዶላር ከፍዬ 231 ዶላር ነው የተመለሰልኝ፤ ለዚህ አላዝንም፣ ማንም ትርፍ ቃል አልገባልኝምና።

በግንቦት መጨረሻ ፈረሱን ለማየት እርሻው ድረስ ሄጄ ነበር። ዳማው ጠጉሩ በዝቶ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ከአንዲት ሽማግሌ በቅሎ ጋር ድርቆሽ ይጋራ ነበር። ጠባቂዋን አስፈቅጄ ከንፈሩን ገለጥ አደረግሁና በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለአባቴ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

«ስድስተኛውን ይዟል» አሉኝ። «ጥርሱስ ደህና ነው። እግሩንስ አነሣህ?»